ሦስተኛው ጣውላ

ጎሽ ውሃ ከተማ ውስጥ ሰው ግልጹን ነገር አጣሞ ሲተረጉም የሚወረወርበት አንድ አባባል አለ። እንግዳ ሲሰማው ከጥንት አባቶች የተወረሰ ይመስለዋል። ምን ጥንት አለው! ገና ትናንት፣ ያውም በፌስቡክ ሰበብ የተወለደ ነው። ያስወለዱት ደግሞ ጋሽ ጓንጉል ናቸው።

ጋሽ ጓንጉል ድሮ የፓርላማ አባል ነበሩ፣ ካረጁ በኋላም የከተማው ምክር ቤት አንጋፋ ሆነው ቀርተዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ነገር በቀጥታ ተናግረው አያውቁም። ስብሰባው ይራዘም ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ገመድ ሲረዝም ለጠላፊው ይመቻል ይላሉ። ሰው ያጨበጭባል፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ምን ማለታቸው እንደሆነ ከሚስቱ ጋር ሲከራከር ያመሻል። በእሳቸው ዘመን ያሰበውን እንደወረደ የተናገረ ሰው ወንበሩ ላይ ብዙ አይቆይም ነበር። እሳቸው ግን ቅኔ እየለበሱ ሹም ሲሻር ሹም ሲሾም ሁሉንም አሳልፈዋል።

ፌስቡክ ከፈቱና መጻፍ ጀመሩ። የሚጽፉት ግን የቢሮ ደብዳቤ ነበር። «ጉዳዩ፦ ስለ ጎመን። ዛሬ ለምሳ የቀረበልኝ ጎመን ጨው ያልነበረው መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ። ግልባጭ፦ ለባለቤቴ።» ከሥሩ የማኅተማቸውን ፎቶ ይለጥፋሉ። ሌላ ቀን ደግሞ የግራ ጫማቸው እንደጠበባቸው ለሚመለከተው ሁሉ አሳወቁ። ልጆች በሳቅ ፈረሱ። አዋቂዎቹ ግን ፍንክች አላሉም፤ ጨው አልባው ጎመን በጀቱ ነው፣ የግራ ጫማው ተቃዋሚው ነው ብለው ፈቱት። ጋሽ ጓንጉል መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ፍቺውን ሲያነቡ በራሳቸው ተደነቁ። ለነገሩ ጎመኑ እውነትም ጨው አልነበረውም።

ክረምቱ እንደገባ አንድ ጠዋት ለቅሶ ሊደርሱ የእንጨቱን ድልድይ ሲሻገሩ፣ ሦስተኛው ጣውላ ውሃ እንደነካው ዳቦ ከእግራቸው ሥር ሰረጎደ። መደገፊያውን ጨብጠው ለጥቂት ተረፉ። ወንዙ ከታች ደፍርሶ ይጮኻል። ወዲያው ትዝ ያሏቸው ታላቅ እህታቸው እትዬ ዝማም ነበሩ። ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖሩት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዶሮ ይዘው በዚሁ ድልድይ ወደ ገበያ ይመጣሉ። ስልክ የላቸውም፣ ማንበብም አይችሉም። ቢሆንም ከተማው ካወቀ እሳቸውም ያውቃሉ ብለው፣ ጋሽ ጓንጉል ቤታቸው ገብተው ጻፉ።

«ጉዳዩ፦ ስለ ድልድዩ። ሦስተኛው ጣውላ በስብሷል። የረገጠው ይወድቃል። ጓንጉል።»

በሕዝብ ጉዳይ ላይ ያሰቡትን በቀጥታ ሲጽፉ በሕይወታቸው ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ምሳ ሳይደርስ ከተማው ታመሰ። ድልድዩ ምክር ቤቱ ነው ተባለ። ታዲያ ከከንቲባውና ከአፈ ጉባኤው ቀጥሎ ሦስተኛው ማን ነው? የመንገድ ኃላፊው አቶ ቢተው! አዲስ አበባ ያለው ሳይቀር ተቀባበለው። «የረገጠው ይወድቃል» የምትለዋን ካናቴራ ላይ ያሳተመም አልጠፋ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ቢተው ራሱ ማር አስይዞ ከተፍ አለ።

«ጋሼ፣ ምን በድዬዎት ነው? በስብሷል እስኪሉኝ?»

«ጣውላውን ነው ያልኩት፣ ልጄ።»

«ገብቶኛል። እኔም ስለ ጣውላው ነው የመጣሁት።»

«የእንጨቱን ነው የምልህ። እንጨቱን።»

አቶ ቢተው አንገቱን ደፋ። «እንጨት ነህ እያሉኝ ነዋ እንግዲህ» አለ፤ ዓይኑም እንባ ሞላ።

ጋሽ ጓንጉል ተነሥተው እጁን ይዘው ድልድዩ ድረስ ሊወስዱት ፈልገው ነበር። ጣውላ መቀየር የሰውዬው ሥራ ነው። ግን ስልካቸው ጮኸ። አንድ የማያውቁት ሰው «የዘመናችን ባለቅኔ» ብሏቸዋል። አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት። ያወራሁት ስለ እንጨት ብቻ ነው ብዬ ብጽፍ፣ አሉ በልባቸው፣ ጎመኑም ጎመን ብቻ ሊሆን ነው፣ ጫማውም ጫማ። ከዚያ ደግሞ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ የፓርላማ ንግግሬን ሁሉ ሊበረብር ነው፤ እዚያስ ውስጥ ምን ያገኛል? ነገ አስተካክለዋለሁ ብለው ማሩን ተቀበሉ። በነጋታው ደግሞ አስተያየቱ በዛ፣ ምስጋናው በዛ፤ ነገም ነገን እየወለደ ቅዳሜ ደረሰ።

እትዬ ዝማም የዶሮ ቅርጫታቸውን አዝለው ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ስልክ የሚጎረጉሩ ጎረምሶች አገኙ። «ወንድሜ ስለዚህ ድልድይ የጻፈው ነገር አለ ይላሉ፤ አትሻገሩ ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁ።

«አይ እትዬ፣ እሱማ ቅኔ ነው» አላቸው አንዱ በአክብሮት። «ስለ ድልድዩ አይደለም።» ከዚያም እንዲያልፉ መንገድ ለቀቁላቸው።

ዶሮዎቹን ወንዙ ወሰዳቸው። እትዬ ዝማምን ጎረምሶቹ በነጠላቸው ጎትተው አወጧቸው፤ እግራቸው ግን ተሰብሮ ነበር።

ጋሽ ጓንጉል ወጌሻው ቤት ሲደርሱ እህታቸው እግራቸው በሸንበቆ ታስሮ ተጋድመዋል። ጎረምሶቹ በር ላይ ቆመዋል፤ አቶ ቢተውም ግድግዳ ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። ጋሽ ጓንጉል ከመደቡ ሥር ተንበረከኩ።

«እትዬ፣ ጽፌ ነበር እኮ። ያለ ምንም ቅኔ፣ በቀጥታ ነው የጻፍኩት።»

«አሁን አንብበውልኛል» አሉ እትዬ ዝማም። ድምፃቸው ቁጣ የለውም፣ ደክሟል። «አንተ በቀጥታ ስትናገር ማን ሰምቶህ ያውቃል፣ ጓንጉል? ደግሞ ሰው ነገሩን ወዲያ ሲወስደው አይተሃል አሉ። ለምን ወዲህ አልመለስከውም?»



ያ እትዬ ዝማምን ቅኔ ነው ብሎ ያሳለፋቸው ጎረምሳ ጥፋቱ የእነሱ መሆኑን፣ የጋሽ ጓንጉል ነገር ወርቅ አያጣም ብለው እንደተሳሳቱ ተናገረ።

እትዬ ዝማም የታሰረ እግራቸውን አዩ፣ ወንድማቸውን አዩ፣ በር ላይ የቆሙትንም አንድ በአንድ አዩአቸው።

«እናንተ ቆፋሪ፣ እሱ አስቆፋሪ» አሉ፤ «ወርቅ ሲቆፍሩ ሰሙ ቀለጠ።»