አምሮቱ ያላነሰ ነጋዴ

አንድ ቀን እንኳ ስደውልልሽ «ዛሬ በእግሬ ወጣ አልኩ» ብትይኝ ምናለ፣ እታለም? ያን ሁሉ ፈርተሽ ጨጓራሽን በኦፕራሲዮን አሳነስሽ። ከሳሽ፣ ቀለል አለሽ፣ ቀሚሱ ሁሉ ሰፋሽ። አሁን ደግሞ «ሰለቸኝ፣ ሆዴ ጠገብኩ ሲል አፌ አልጠገብኩም ይላል» ብለሽ ሶፋ ላይ ቁጭ። አልፈርድብሽም። እኔም ብሎኬት ስሸከም ውዬ እግሬን ማንሳት ያስጠላኛል። ግን ምሳ ሰዓቴ ሳያልቅ አንድ የሰማሁትን ላውራሽ፤ ዝም ብለሽ ስሚኝ።

አንድ ነጋዴ ነበር። ሱቁ ከተማ ውስጥ ነው፣ እናቱ ግን መኪና የማይደርስበት ዳገት ላይ ነው የሚኖሩት። ሰውዬው ከመወፈሩ የተነሳ ያንን ዳገት መውጣት ካቃተው ቆይቷል። እናትየው ደግሞ አርጅተዋል፣ መውረድ አይችሉም። እሱ ሱቁ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጥና ማዶ ማዶውን ያያል። የቤታቸው ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው ያብለጨልጫል። «ሳላያት ትሞትብኝ ይሆን?» ይላል በሆዱ።

ለዚህ ብሎ ነው እንዳንቺ ጨጓራውን ያሳነሰው። ሐኪሙም «እኔ የምችለውን ሠርቻለሁ። ከዚህ በኋላ ትንሽ ትንሽ መብላትና በየቀኑ መራመድ ያንተ ሥራ ነው» አለው።

መጀመሪያ ላይ ጎበዝ ነበር። ከዚያ ሰው መጣበት። ታውቂያለሽ፣ እኛ ጋ የከሳ ሰው የታመመ ነው የሚመስለው። ድግስ ሲሄድ «ምነው ሰውነትህ አለቀ? ደብቀኸን ነው እንጂ ታመሃል» ይሉታል። አንዱ ሊያጎርሰው ይዘረጋል። እምቢ ሲል «እጄን ልትመልስ ነው?» ይለዋል። እያመመው ይውጣል፣ ውጭ ወጥቶ ያስመልሳል። ድግሱን ሲተው ደግሞ ብቸኝነቱ ገደለው። ከትንሽ ሳህኑ ብቻውን እየበላ ከጎረቤት ሳቅ ይሰማል። የናፈቀው ምግቡ ይሁን ሰዉ መለየት አቃተው። በኋላ ጓዳ ገብቶ ማር መላስ ጀመረ። መራመዱንም ተወው። ኪሎው ተመልሶ መጣ።

አንድ ቀን ሚስቱን «ሐኪሙ ጨጓራዬን አሳነሰው፣ አምሮቴን ግን እንዳለ ተወው» አላት። «ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ሳልበላ ስከርም አይከብደኝም። ይሄ ለምን ከበደኝ?»

«ሁዳዴን ከአገሩ ሁሉ ጋር ነው የምትጾመው። ይሄን ብቻህን ያዝከው። እኔን እንኳ አንድ ቀን ነይ አላልከኝም።»

«አንቺ ምን በወጣሽ፣ አልወፈርሽ።»

«ሁዳዴ የሚጾመው ወፍራም ብቻ ነው እንዴ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷም ሳህኗን አሳነሰች። ጠዋት ጠዋት እየተነጫነጨች አብራው ወጣች። ድግስ ላይ ከጎኑ ትቀመጥና ጉርሻ ሲመጣ እሷ አፏን ትከፍታለች። ሰው ይስቃል፣ እሱ ይተርፋል። ኪሎውም ቀስ በቀስ እንደገና ቀነሰ።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ዳገቱን እያረፉ እያረፉ ወጡት። እናትየው ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። መጀመሪያ አላወቁትም። ሲያውቁት ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ። «ልጄን ምን ነካብኝ? አጥንትህ ብቻ ቀርቷል» አሉ። ወዲያው ምግብ አቀረቡና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉለት።

ሚስትየው አፏን ልትከፍት ነበር፣ ግን የእናት ጉርሻ ነው፣ ተወችው። ነጋዴው ስንት ዘመን የናፈቀው ያንን እጅ ነው። እጃቸውን ያዘና «እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ከበላሁ ያመኛል። ካመመኝ ደግሞ ሁለተኛ ወዳንቺ መውጣት አልችልም» አላቸው።

እናትየው ጉርሻውን አዩት፣ ልጃቸውን አዩት። ከዚያ ከላዩ ትንሽ ቆንጥረው አጎረሱት። የቀረውን ራሳቸው እያላመጡ «እንግዲያው ትንሽ ትንሽ እየበላህ ቶሎ ቶሎ ና» አሉት።

ሰውዬው ዳገቱን የወጣው ከሌላው ሰው ስለጠነከረ አይደለም፣ እታለም። ሐኪም ሆድ ያሳንሳል። አምሮትን የሚያስችለው ግን አብሮ የሚቆም ሰው ነው፤ ሰውም የሚያግዘው ሲነግሩት ነው። አንቺስ ለማን ነገርሽ? እኔ ሩቅ ነኝ፣ ከሳህንሽ ጋ መቀመጥ አልችልም፤ ብችል ደስ ባለኝ። ግን ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት በእግሬ ነው የምሄደው። ያን ሰዓት እደውላለሁ፣ አንቺም እዚያው ሰፈርሽ በእግርሽ ትሄጃለሽ። ደክሞኝ ዝም ብልም ኮቴዬን ትሰሚዋለሽ።

በይ፣ ፎርማኑ እየጠራኝ ነው። ጫማሽን አድርገሽ ጠብቂኝ።