ዳጉ የጠማው ሹም

አንድ ሹም ነበረ፤ ሲሉ ጀመሩ ሼሁ፣ «ክፉ ሰው ሰፈራችሁ ሲገባ ለምን ቀድማችሁ አትነግሩንም?» ብሎ ለጠየቃቸው ወጣት የፖሊስ አዛዥ።

ሹሙ የተሾመው ቆላ አገር ነው፤ ቀትር ላይ አሸዋው ሐይቅ መስሎ የሚተኛበት፣ ግመሎች በአየር ላይ የሚሄዱ የሚመስሉበት። እዚያ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ አረፍ ብለው ያዩትን የሰሙትን ሁሉ ይለዋወጣሉ። ዳጉ ይሉታል። በዳጉ የዋሸን ሰው ዳግም የሚያወጋው የለም።

ታዲያ ፈንጂ የያዙ ሰዎች ገበያውን ሊያጠፉ በረሃውን ተሻግረዋል የሚል ወሬ መጣ። ሹሙ እንቅልፍ አጣ። በየግራሩ ጥላና በየመስጊዱ ደጃፍ ጆሮ ጠቢ አስቀመጠ። አይ የዋህነት! ሰዉ ጆሮ ጠቢዎቹን በአንድ ጀምበር ለያቸው፤ እነሱ ባሉበት ስለ ዝናብ ብቻ ማውራት ያዘ። ሹሙ ይህን አላወቀም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ወሬው ግን ጭልጥ ብሎ ነጠፈበት።

በገበያው ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጨንቆት ብቻውን ወጣ። ሙቀቱ በሕልም እንደሚሄድ ሰው ያንሳፍፈው ነበር። ከሚንቀለቀለው አየር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ግመል ነጂ ብቅ አሉ።

«ምን ሰሙ አባባ?» አላቸው።

«ሰላም ነው» ብለው አለፉ።

ሹሙ አሸዋው ላይ ዘጭ አለ። «እንግዲያስ እኔ ልንገርዎ» አለ ከኋላቸው። «ነገ ገበያው ላይ ሰው ሊፈጁ ነው። የት እንዳሉ አላውቅም። ጆሮ ጠቢ ያስቀመጥኩባችሁም እኔ ነኝ። ፈርቻለሁ።»

ሽማግሌው ግመላቸውን አንበርክከው አጠገቡ ተቀመጡ። «እኛም ፈርተናል» አሉ። «ገበያ የሚውሉት የእኛ ልጆች አይደሉም እንዴ? ሰዎቹን ከመስጊዳችን አባረናቸዋል፤ አሁን ያሉት ደረቁ ወንዝ ጋ ነው። ግን ለማን እንናገር? የተናገረ ሁሉ ‹አንተስ በምን አወቅህ?› እየተባለ ሲታሰር አየን።»

ሰዎቹ ሳይመሽ ተያዙ። በማግስቱ ገበያው ደራ። ሽማግሌውን ግን ‹በምን አወቁ?› ያላቸው የለም።

ሼሁ ይህን ብለው ወደ አዛዡ ዞሩ። «ልጄ፣ ሹሙ አንተ ነህ። ዳጉ በአንድ አፍ አይወራም። አንተ እንደ ተጠርጣሪ ትጠይቀናለህ፤ ፈንጂው ሲፈነዳ ግን የምንሞተው አብረን ነው። በል፣ አረፍ በል። አንተ ምን ፈርተህ መጣህ?»