ቆራሌውን የፈራው ሻንሲ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ልትሉ ነው አይደል? ዛሬ «የመኪና በረት» በሉልኝ። እንዲያ ነው፤ አሁን ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ ብረት አፍ በነበረው ዘመን፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አንዲት አሮጌ ጂፕ ነበረች። ከአፋር ጨው ስታመላልስ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ባለቤቷ ጋሽ እሸቴ ግን እንደ ልጃቸው ይሳሱላታል፤ ጠዋት ጠዋት ያጥቧታል፣ ይወለውሏታል። ልጃቸውን ትብለጥን የሚድሩትም በእሷ ነው፤ ሙሽራዬ በሌላ መኪና አትወጣም ብለው ምለዋል።

ጂፗ ከላይ ሲያዩአት ታምራለች። ከታች ግን ሁለመናዋን የሚሸከመው ሻንሲ ጨው በልቶት ዝጓል። ይህን የምታውቅ ከሥሯ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ብቻ ናት፤ ዝገቱ የሚራገፈው እሷ ጀርባ ላይ ነዋ!

«ታመሃል፤ ተናገር» አለችው ዶሮዋ።

ሻንሲው ሊናገር አፉን ሲከፍት አሮጌ ብረት የሚገዛው ሰውዬ በመንገድ አለፈ። «ቆራሌው!» ሻንሲው መታመሜ ከታወቀ ለዚህ ሰው መሸጤ ነው ብሎ ክው አለ። ለሰርጉ የተገዛው ቀለም ይህን አይቶ ሳቀበት።

«ምን አስጨነቀህ? እኔ ካስዋብኩህ ማን ጎንበስ ብሎ ያይሃል?» አለና ሸፈነው።

ቀለሙ ተላጠ። ዶሮዋም ተናገር አለችው። «ቆራሌው!» አለ ሰውዬው። ሻንሲው አሁንም ክው አለ። ይሄኔ ስቱኮ፣ ቀዳዳህን እኔ እደፍነዋለሁ ብሎ ተለጠፈበት።

ስቱኮውም ረገፈ። ሰርጉ ሳምንት ቀረው። ቆራሌው በር ላይ ቆሞ እየተጣራ ነው። ሻንሲው ግን ሰርገኛው የሚያልፍበትን የሐረጎን ቁልቁለት አሰበ፤ ትብለጥንም አሰበ። አንጀቱ አልቻለም።

«ጋሼ፣ ልጅዎን በእኔ ላይ አያስቀምጡ። በስብሻለሁ» አለ።

ጋሽ እሸቴ ጎንበስ ብለው በመዶሻ ነካ ቢያደርጉት መዶሻው ሰጠመ። ላይ ላዩን ስወለውል ልጄን ልጨርስ ነበር ብለው አዘኑ። ወዲያው በያጁን ሰይድን አስጠሩ። ጎረቤት ተጠራርቶ የጂፗን አካል አነሳ፣ አሮጌው ሻንሲ ወጣ፣ አዲሱ ገባ። አዲሱ ደግሞ ገና ከመግባቱ ጉራውን ቸረቸረ። አሮጌው፣ «መጀመሪያ ጨው ጫን፣ ከዚያ እናወራለን» አለው።

ቆራሌው ገብቶ አሮጌውን ሻንሲ ሲነካ ጋሽ እሸቴ እጁን ያዙት።

«ይሄ አይሸጥም። ልጄን ያተረፈልኝ ነው።»

ሰይድ ዝገት ያልነካውን ቆርጦ ለዶሮዋ ቆጥ ሠራበት። የሰርጉ ዕለት ጂፗ ጥሩምባዋን እየነፋች ሙሽራዋን ይዛ ወጣች። ዶሮዋም ቆጧ ላይ ሆና ሸኘቻት።

«ከበድኩህ እንዴ?» አለችው ሻንሲውን።

«ጨው ብቻ አትሁኚ እንጂ፣ ምንም አትከብጂኝም» አላት።

እናም ልጆቼ፣ ዝገቱን የተናገረ ቤቱን አዳነ፤ ዝገቱን የቀባ ለቆራሌ ሆነ። ተረቴን መልሱ፣ ግራሶ የነካ እጄን በጋዝ አብሱ።