የጋሽ አጥናፉና የማሽኑ ጠብ

አንድ ቀን፣ በአፋቸው ሰፈሩን ሁሉ የሚረቱት ጋሽ አጥናፉ ሳንባቸውን ታመሙና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። የአጥር ክርክር ይሁን የእድር ጭቅጭቅ፣ እሳቸው ባሉበት ነገር ሌላ ሰው ረትቶ አያውቅም። አሁን ግን አፍና አፍንጫቸው በማስክ ተሸፍኗል፤ ማስኩ ደግሞ በቱቦ ከመተንፈሻ ማሽን ጋር ተያይዟል።

ማሽኑ አየር እየገፋ ሊያግዛቸው ነበር የተገጠመው። ግን አልተግባቡም። እሳቸው አየር ሊስቡ ሲሉ ማሽኑ ዝም ይላል፤ ሊያስወጡ ሲሉ ይገፋባቸዋል። በር ላይ «ይለፉ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ቆይተው፣ እኩል ሲገቡ እንደሚጋጩ ሁለት ጨዋ ሰዎች ሆኑ። በተጋጩ ቁጥር ማሽኑ ይጮሃል። በጮኸ ቁጥር ዶክተር ልዑልሰገድ ይመጣል።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ጎበዝም ነው። ማሽኑ አዲስ ስለሆነ ግን ይሳሳታል ብሎ ማሰብ ነውር ይመስለዋል። መጥቶ የማሽኑን ቀይ መብራት ያያል፣ ጩኸቱን ያጠፋል፣ ጋሽ አጥናፉን ረጋ እንዲሉ ይመክራል፣ ይሄዳል። ገና ከበሩ ሳይወጣ ማሽኑ እንደገና ይጮሃል።

በመጨረሻ ተሰላቸና ነርሷን ሲስተር ብርነሽን ማስተኛ መርፌ እንድታዘጋጅ አዘዛት። ሰውየው እንዲህ እየታገሉ መቀጠል ስለማይችሉ፣ አስተኝቶ ቱቦውን በጉሮሯቸው ሊያስገባ ነው። ጋሽ አጥናፉ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ፈጠጠ። ቱቦ ጉሮሮ ውስጥ ከገባ መናገር የለም፤ ከተኙ በኋላ መንቃታቸውንስ ማን ያውቃል? እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ማስኩን እየጠቆሙ፣ አንድ ጊዜ ልናገር ብለው በምልክት ለመኑ። ሲስተር ብርነሽን አሳዘኗትና ዶክተሩን አስፈቅዳ ማስኩን ለአፍታ ከፍ አደረገችላቸው።

ዶክተሩ ግን ቀደማቸው።

«አባባ፣ ይህ ማሽን እኮ ሊረዳዎት ነው የመጣው። ከሱ ጋር የሚጣሉት ለምንድን ነው?»

ጋሽ አጥናፉ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ገላመጡት።

«ዶክተር፣ ፍርድህ ይገርማል» አሉ። «ከጠዋት ጀምሮ የሚጮኸው እሱ ነው። እኔ ትንፍሽ አላልኩም።»

ሲስተር ብርነሽ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች። ዶክተሩም ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ግን ቆም አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ከመብራቱ ይልቅ የሰውየውን ደረት ተመለከተ። ደረታቸው ሊነሣ ሲል ማሽኑ ዝም ይላል፤ ሊወርድ ሲል ይገፋል። ከዚያ መርፌውን እንድትመልሰው ለሲስተር ነገራትና፣ ጎንበስ ብሎ ጥፋተኛውን ማስተካከል ጀመረ።