ሰበብ ያሳጣ ኮምፒውተር

ምላሷ የማያርፍ አንዲት ፕሮግራመር ነበረች። ሥራዋ በዘገየ ቁጥር «ኮምፒውተሩ እስኪከፈት እየጠበቅሁ ነው» ትላለች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ልሳነወርቅ ሰበብ ሊያሳጧት ፈጣን ዲስክ ያለው አዲስ ኮምፒውተር አስገዙላት። ኮምፒውተሩ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ይከፈት ጀመር፤ ሥራዋ ግን እንደ ድሮው ይጎተታል። አቶ ልሳነወርቅ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው፣ «እስቲ አሁን በምን ታመካኚያለሽ?» አሏት።

«ጌታዬ፣ በፊት ማሽኑ እስኪከፈት እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ስቀመጥ፣ ሰው የማስብ ይመስለው ነበር። አሁን ማሽኑ ተከፍቶ እኔን ይጠብቃል፤ ጭንቅላቴ ባዶ መሆኑ ታወቀብኝ።»

ሰው ሳቀ። አቶ ልሳነወርቅም ደስ ብሏቸው፣ «ለእኔም እንደዚሁ ያለ አዝዣለሁ» አሉ።

«ኧረ ይቅርብዎት ጌታዬ» አለቻቸው፤ «እኔስ ተራ ሠራተኛ ነኝ፣ ውርደቱን እችለዋለሁ።»