ሁለት መቶ ማጭድ በወንዙ ማዶ

በእኛ በቆላው አገር ጎረቤቱን ያለ ምክንያት የሚጠረጥር ሰው ሲገኝ አንዲት አባባል ትወረወርበታለች። ስቀን ነው የምንላት። መነሻዋን የሚያውቅ ግን አይስቅም።

ያኔ ከሻሎ ወንዝ ወዲህ አንድ ንጉሥ፣ ወዲያ ሌላ ንጉሥ ነበር። ነገሥታቱ ባይዋደዱም ገበሬዎቹ ወንፈል ገብተው ነበር። የእኛ ሰሊጥ በጥቅምት ሲደርስ ደገኞቹ ወርደው ያጭዱልናል፤ የእነሱ ጤፍ በኅዳር መጨረሻ ሲደርስ እኛ ወጥተን እናጭድላቸዋለን። ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም፤ ቀኑ ካለፈ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ይረግፋል። ብቻችንን ግማሹንም አናነሳ፤ ከእነሱ ጋር ግን በስምንት ቀን ማሳው ሁሉ ያልቅ ነበር።

አንድ ዓመት የደጋው ንጉሥ ለጦርነት ብረት ያስስላል የሚል ወሬ ወረደ። በወንዙ መሻገሪያ የእኛ ኬላ ሹም ባሻ ደርሶልኝ፣ አባታቸው በዚያው መሻገሪያ ላይ በዘመቻ የተገደሉባቸው ሰው ነበሩና፣ ወሬውን ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ አጡ። አንድ ማለዳ ሁለት መቶ አጫጆች ከማዶ ሲወርዱ፣ ማጭዳቸው በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ባዩ ጊዜ ወራሪ ጦር መሰላቸው። ጠመንጃ አስደግነው መሻገሪያውን ዘጉ።

ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት የአምስት ልጆች እናት እየሮጠች መጣች። ከአንድ ማሳ ሰሊጥ በቀር ምንም አልነበራትም።

"ባሻ፣ በሞቴ ያሳልፏቸው። ነፋሱ ተነሥቷል" አለቻቸው።

ባሻ ፈሩም፣ አዘኑም። ቢጨንቃቸው ማጭዳችሁን እዚያው ጥላችሁ ተሻገሩ ብለው አስጮኹ።

የአጫጆቹ አለቃ፣ አባ ጓንጉል የሚባሉ ሽማግሌ፣ ከማዶ መለሱ፦ "ባዶ እጃችንን መጥተን ምን እናድርግላችሁ? እንብላላችሁ?"

ሦስት ቀን ጠብቀው በአራተኛው ተመለሱ።

ወይዘሮ ትርንጎ ከልጆቿ ጋር ማጨድ ጀመረች። ነፋሱ በነፈሰ ቁጥር ማሳው ይንሿሿል፤ የሚንሿሿው የሚረግፈው ሰሊጥ ነው። ልጆቹ እንዳይሰሙት እየዘፈናችሁ እጨዱ አለቻቸው። እሷ ግን ትሰማው ነበር፤ በዕድሜዋ እንዲያ ፈርታ አታውቅም። ከአሥር እጅ ሁለቱን እንኳ አላነሣችም።

በኅዳር እኛም በእፍረት ሳንወጣ ቀረን። የደገኞቹ ጤፍ እጅ አጥሮት እንደቆመ ያልታሰበ ዝናብ አበሰበሰው።

በየካቲት ባሻ ሰዎች ከማዶ ሲወርዱ አይተው እንደገና ደነገጡ። ማጭድ አልነበረም፤ የያዙት ባዶ ስልቻ ነው። እህል ካላችሁ ብለው ወደ እኛ መምጣታቸው ነበር። ከወዲህም ወይዘሮ ትርንጎ ባዶ ስልቻዋን ይዛ እነሱኑ ልትለምን ቆማለች። ትንሹ ልጇ በጥር በረሃብ ሞቷል።

ባሻ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም። "እኔ እኮ ለእናንተው ብዬ ነው የፈራሁት" አሉ።

እሷም ስልቻዋን አጥፋ በብብቷ ያዘችና እንዲህ አለች፦ "የጎረቤቱን ማጭድ የፈራ፣ ሰሊጡን በነፋስ አዘራ።"