ሳጥኑ የወለደ ዕለት

ተረት ተረት፣ የዶሮዋ ቤት!

እንቁላል መታቀፍ ነፍሷ የሆነ አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረች። እመቤቷ ወይዘሮ አልታዬ ግን በመብራት የሚሞቅ የጫጩት መፈልፈያ ሳጥን ገዙና እንቁላሉን ሁሉ ለሱ ሰጡት። ዶሮዋ መታቀፍ እንድትተው ደግሞ አፍንጫዋ ላይ ላባ ሰኩባት።

«እኔ ጥሬ ፍለጋ አልነሳ፣ ውኃ አይጠማኝ!» አለ ሳጥኑ እየተኮፈሰ። «አንቺ እንግዲህ ምን ልትሠሪ ነው?»

«መቼም ሥራ አይጠፋም» አለች ዶሮዋ።

እንቁላሉ ሊፈለፈል ሲቃረብ መብራት ሄደ። ሳጥኑ የጀመረውን ጉራ እንኳ ሳይጨርስ ድርግም ብሎ ተኛ። ወይዘሮ አልታዬ «ጉድ ፈላ!» ብለው ላባውን ነቀሉና ዶሮዋን አንስተው ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጧት። እሷም ቂም ሳትይዝ ክንፏን ዘርግታ ታቀፈች። መብራቱ ቶሎ አልተመለሰም፤ ጫጩቶቹ ግን ከሥሯ እየተንጫጩ ወጡ።

መብራት ሲመጣ ሳጥኑ ነቃ። ጫጩቶቹን ሲያይ ጊዜ «አላልኩሽም? ሸለብ ቢያደርገኝም ፈለፈልኳቸው!» ብሎ ጮኸ።

ዶሮዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «እንኳን ማርያም ማረችህ!» አለችውና ወደ ግቢው ወጣች። ጫጩቶቹም አንድ ሳይቀሩ ተከተሏት።

ተረቴን መልሱ፣ ለዶሮዋም ጥሬ አፍስሱ።